ላባዋ እውነቱን ነግራኝ ነበር

ይህን ነገር እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው ዘንድ ስሄድ ትንንሾቹን እየለቃቀምኩ፣ ትልቁን ቤቴ አስቀምጬ ነበር የምሄደው። ጾም ገደፍኩ እላለሁ፣ ሰው አማሁ እላለሁ። አባ "ሌላስ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። ሌላ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ሌላ ነበር።

ስሜ ደምሴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎሬ፣ ያረጀሁት መቱ ነው። ከዳዊት ያለፈ ትምህርት የለኝም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ስሰፋ ነው። ከዚህ ሌላ አንድ ሙያ ነበረኝ፤ በዚያ ሙያ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ዛሬም እኮራለሁ። በደሉን እየተናዘዘ የሚኮራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩ። ኩራቴን ካልነገርኳችሁ በደሌ አይገባችሁም፤ ሁለቱ አንድ ቤት ነው ያደጉት።

አልማዝ ባለጭራን አክም ነበር። ያልያዘችው ሰው አያውቃትም፤ ከሰውነት ባንደኛው ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ ተጠምጥማ የምትወጣ፣ ውሃ የቋጠረች፣ እንደ ፍም የምታቃጥል ሽፍታ ናት። ቅጠሉ የአባቴ ነው። ምን ቅጠል እንደሆነ እዚህም አልናገርም፤ የምናዘዘው በደሌን እንጂ ቅጠሌን አይደለም። ላባዋ ግን የራሴ ናት። እሷን ማንም አላወረሰኝም።

የጅግራ ላባ ናት። ባርኔጣዬ ላይ ሰክቻት ነበር የምዞረው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰዎች ሽፍታው ገና ሳይወጣ፣ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው "ጋሼ ደምሴ፣ ሸሚዝ ሲነካኝ ያመኛል" እያሉ ይመጡ ነበር። ዓይን የሚያየው ነገር የለም። ዓይናችሁን ጨፍኑ እላቸዋለሁ። ላባዋን ከአከርካሪ አጥንት አስነስቼ ወደ ሆድ ቀስ አድርጌ እጎትታለሁ። ደህናው ቆዳ ላይ ስትሄድ በሽተኛው ዝም ይላል፤ የታመመው መንገድ ውስጥ ስትገባ "እፍፍ!" ብሎ ይዘላል። የመንገዱን ሁለት ዳር በከሰል አሰምራለሁ። በሦስተኛው ቀን ሽፍታው እንደተጠራ እንግዳ ከመስመሬ ሳይወጣ እዚያው ከተፍ ይላል። መቱ ገበያ ይህን ሲያወራ ነው የከረመው። እውነት ለመናገር እኔም ሲያወራ ደስ ይለኝ ነበር።

ከስንት ሰው ጀርባ የሰው ቆዳ አንድ ወጥ እንዳልሆነ ተማርኩ። ተሸንሽኗል። እያንዳንዱ ሽንሽን ከአከርካሪ አጥንት ካንዱ ሥር ይነሳል፣ ጎንን ይዞራል፣ ከፊት የደረቱና የሆዱ መሃል መስመር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የጡቱ ከላይኛው አጥንት ይመጣል፤ የእምብርቱ ከታችኛው። ሰው ሁሉ "ጭራዋ ዞራ ራሷን ካገኘች ይሞታል" እያለ ሲንቀጠቀጥ፣ እኔ መካከሉን አልፋ እንደማታውቅ አውቅ ነበር። ሌላም አውቅ ነበር። ሁለት የላባ ዘንግ አጠጋግቼ ጣት ጫፍ ላይ ሳሳርፍ ዓይኑን የጨፈነ ሰው "ሁለት ነው" ይላል፤ ያንኑ ጀርባው ላይ ሳሳርፍ "አንድ ነው" ይላል። ጀርባ ያን ያህል ሰፍቶ ድሃ ነው፤ ጣት ያችን አክላ ሀብታም ናት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ራሴን የዋሸሁት በዚሁ ነው።

ኦቦ ቶሌራ የያዮ ሰው ነው። ጫካ ውስጥ ትልልቅ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል፣ ቡና ይዞ ወደ መጋዘናችን ሲመጣ ከሩቅ በሳቁ የሚታወቅ ሰው። ወዳጄ ነበር። በየሄደበት "የደምሴ ዓይን ጣቱ ላይ ነው" ይልልኝ ነበር። ሚስቱ አዴ ሎሚ ትባላለች። አጭር፣ ቀጭን፣ ቃል የምትቆጥብ። አማርኛዋ ከሰላምታ አያልፍም፤ እኔ ግን በኦሮምኛ ነው ያደግሁት፣ ስለዚህ ቤታቸው ስሄድ እንግዳ አልነበርኩም።

በቡና ለቀማ ወራት ቶሌራ ታሟልና ድረስ ተባልኩ። በሰው መላክና በመኪና መጥፋት አንድ ቀን አለፈ። ስደርስ ጉልበቱን አጥፎ ተኝቷል። ቤቱ በቀኝ በግራ ሰው ሞልቷል፤ ቡና ለቃሚው፣ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ። ላባዋን ከባርኔጣዬ ስመዝ ቤቱ ጸጥ አለ። ያንን ጸጥታ እወደው ነበር። እወደው ነበር ብዬ መጻፍ አለብኝ።

ሁልጊዜ ከጀርባ ነው የምጀምረው። ያን ቀን ከፊት ጀመርኩ። ለምን? መገላበጥ ስላመመው ነው እላችሁ ይሆናል፤ ግን ሰዉ የሚያየው ፊቱን ስለነበርም ነው። ላባዋ በቀኝ በኩል ከእምብርቱ ወረድ ብላ ስታልፍ ቶሌራ "ወይኔ!" ብሎ ተነሳ። "አገኛት!" አለ ቤቱ። እኔም "አልማዝ ናት፤ በሦስት ቀን ትወጣለች" አልኩ። ከሰሉን አነሳሁ፤ ከፊት አሰመርኩ።

ከዚያ መስመሩን እስከ አከርካሪው ላደርስ ቀስ አድርጌ በጎኑ አስተኛሁት። ላባዋን ከአጥንቱ ሥር አስነሳሁ። ዝም አለ። አንድ አጥንት ወረድኩ። ዝም አለ። አንድ ወጣሁ።

"ቶሌራ፣ ይሰማሃል?"

"ላባዋ ትሰማኛለች። አታመኝም።"

እዚህ ላይ ልቁም፤ በደሌ የተወለደው እዚህ ነውና። እኔ ያየኋት አልማዝ ሁሉ ከአከርካሪ ሥር የምትነሳ ነበረች። ይህች ሥር የላትም። ሆዱ ላይ ብቻ ያለች፣ ከየት እንደመጣች የማትናገር እሳት ናት። ላባዋ "ደምሴ፣ ይህ ያንተ አይደለም" አለችኝ። ሰማኋት። አልሰማሁም ብዬ አላታልላችሁም፤ በጆሮዬ የገባ ያህል ሰማኋት። እና ምን አደረግሁ? ከሰሉን አንስቼ፣ ምንም ያላለኝ ጀርባ ላይ፣ እስከ አከርካሪው ድረስ አሰመርኩ። ለራሴም "ጀርባ ድሮም ድሃ ነው፣ ሁለትን አንድ የሚል ነው፣ ቢያመውም አይናገር" አልኩት። እውነት ይዤ ውሸት አጠርኩበት። ጀርባ መቁጠር ቢያቅተው አልማዝ ስትይዘው እንደሚጮህ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? አሰመርኩ። እኔ ነኝ ያሰመርኩት።

ቅጠሌንም ቀቅዬ ሆዱ ላይ ለጠፍኩለት። ማታውን አስመለሰው፣ ትኩሳት ያዘው። አዴ ሎሚ መጣችና እጇን ሆዱ ላይ ጫነች።

"እንደ ጣውላ ደርቋል። ሆስፒታል እንውሰደው" አለች።

አንዱ ጎረቤት ከበር ላይ ሳቀ። "ከደምሴ ልታውቂ ነው እንዴ?"

"ደምሴን አላውቅም" አለችው። "ባሌን ነው የማውቀው።"

ሰዉ ሳቀባት። እኔም "ታገሺ" አልኳት፤ በጣም ለስለስ አድርጌ። ድምፄ ለስላሳ ነው፤ ሰው ስለዚህ ያምነኛል።

በማግስቱ ሲያቃስት ዋለ፣ ሲያቃስት አደረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሕመሙ ድንገት ተወው። ቁርጥ! ቶሌራ ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ፣ እንዲያውም ቀለደ፤ "ደምሴ ቅጠሉን ሳይሆን እኔን ነው የቀቀለኝ" አለ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ሽፍታ የለም፣ ጀርባው ዝም እንዳለ ነው፣ እኔ ግን ባርኔጣዬን አስተካክዬ "ቅጠሉ ያዘ" አልኩ። ያን ያህል የተከበርኩበት ቀን በዕድሜዬ አላስታውስም።

አዴ ሎሚ ውሃ ቀድታ ስትገባ እልልታውን ሰማች። እንስራዋን አውርዳ ቶሌራ አጠገብ ቁጢጥ አለችና አየችው። ብዙ አየችው። ሲተነፍስ ሆዱ እንደማይነሳ አየች። ግንባሩ ላይ ያለው ላብ ቀዝቃዛ እንደሆነ በጣቷ ነካች። ከዚያ ተነስታ "ሂንታኡ" አለች፤ አይሆንም ማለት ነው። በነጠላዋ ጫፍ ቅጠሌን ከሆዱ ላይ ጠርጋ ጣለችው። መንገድ ላይ ወጥታ ቡና የጫነ አይሱዙ ፊት ቆመች። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ አልተንቀሳቀሰችም።

"የዳነ ሰው ልታስገድይ!" ብለው ጮኹባት። የቶሌራ እህት ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። እኔስ? እኔ "ቅጠሉ ከተነሳ እጄ የለበትም" አልኩ። ይህን ያለው አፌ ነው። ግን አይሱዙው ላይ ወጣሁ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ የቶሌራን ራስ ጭኔ ላይ ይዤ እስከ መቱ ሄድኩ። ይህን የጻፍኩት እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ በኋላ ሐኪሙ ፊት ለምን እኔ እንደቆምኩ እንድታውቁ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ለአገሩ አዲስ። ቀደው ከጨረሱ በኋላ ወጣና "ኦሮምኛ የሚችል አለ?" አለ። እጄን አወጣሁ። በሁለት ቋንቋ ስለምኮራ ፈጠን ብዬ ነው ያወጣሁት።

"ትርፍ አንጀት ነው፤ ፈንድቷል" አለኝ። "ጠዋት ሕመሙ የተወው ስለፈነዳ ነው እንጂ ስለዳነ አይደለም። ዛሬን እዚያ ቢያድር ኖሮ አስከሬን ነበር የምታመጡልኝ። አምጡት ያለ ማን ነው?"

"ሚስቱ ናት" አልኩ።

ዞሮ አያት። እግሯ ጭቃ ለብሷል፣ ነጠላዋ ላይ ቅጠሌ አረንጓዴ ሆኖ ደርቋል። "እንግዲያው የምልህን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገራት" አለኝ። "ባልሽን ያዳንኩት እኔ አይደለሁም፤ አንቺ ነሽ በላት።"

አዴ ሎሚ ከንፈሬን ታያለች። ከኋላዋ አማርኛ የማይሰማው ዘመድ አዝማዱ ቆሟል፤ ሁሉም ከንፈሬን ያያል። አፌን ከፈትኩ። በኦሮምኛ፣ በዚያ በለስላሳው ድምፄ፣ እንዲህ አልኩ፤ "አልማዟ ወደ ውስጥ ገብታ ነበር። ቅጠሉ ያለ ጊዜው ስለተነሳ ነው። ሐኪሙ ቆርጦ አወጣት። አሁን ይተርፋል።"

ዘመዶቹ ወደ እሷ ዞሩ። አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ ደስታና ምስጋና መስሎት ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ሰው ሲመሰገን አንገቱን እንደሚደፋ፣ ሲኮነንም አንገቱን እንደሚደፋ ያን ቀን አየሁ። ሁለቱን የለየሁ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ቶሌራ ብዙ ሳምንት ተኝቶ ዳነ። ሆዱ ግን እንደ ድሮው ዛፍ የሚያስወጣ አልሆነም፤ ቀፎውን የሚሰቅሉት ሌሎች ሆኑ። ከታች ሆኖ ሽቅብ እያየ "ሁለት ቀን ብትታገሽ ኖሮ" ይላት ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የነገርኩትን አምኖ ነው። ሠፈሩም "ቅጠል አንሺዋ" የሚል ስም አወጣላት። ልጇን ስትድር እንኳ አንዷ ይህን ስም እየጠራች ስትቀልድባት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሳቅሁ? አልሳቅሁም። ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ለእኔ ግን በየዓመቱ ከያዮ ማር ይመጣልኝ ነበር፤ "ላዳነኝ ለደምሴ" ተብሎ፣ በነጭ ጀሪካን። በላሁት። መሮኝ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አልመረረኝም። ጥሩ ማር ነበር።

ኋላ ቅጠል ማሸቱን ተውኩ። ዓይኔ ደከመ፣ ሰዉም ሐኪም ቤት ለመደ። አምና አንዲት ወጣት መምህርት ቤቴ መጣች፤ ሰላማዊት ትባላለች፣ እዚሁ መቱ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ስለ ላባዋ ከሰው ሰምታ ነው። "አባባ፣ ያሳዩኝ" አለችኝ። የራሷ ክንድ ላይ፣ ከዚያም ጣቷ ላይ አሳየኋት። ሁለት ዘንግ አሳርፌ ሲለያይባት ሲገጥምባት ዓይኗ በራ። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች፤ የሰው ሥዕል ነው፣ ከአንገት እስከ እግር በቀለም ተሸንሽኗል። ሽንሽኖቼን አየኋቸው! በከሰል ያሰመርኳቸው፣ ያው በየአጥንቱ፣ ያው መካከል ላይ የሚቆሙ። ሰባ ዓመት አልፎኝ አለቀስኩ። በኩራት ነው ያለቀስኩት፣ አላፍርበትም።

እሷም የማላውቀውን ነገረችኝ። ከቆዳ የሚነሱት የስሜት ክሮች በየአጥንቱ በር ገብተው ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ዝም ብለው አይበታተኑም አለች። በጉርብትና ነው የሚቀመጡት፤ ቆዳ ላይ ጎረቤት የሆነው ውስጥም ጎረቤት ነው፣ ልክ እንደ ካርታ። ብዙ ክር ያላት ጣት ውስጥም ሰፊ ይዞታ አላት፤ ጥቂት ክር ያለው ጀርባ ጠባብ። "ድሃና ሀብታም ያሉት እሱ ነው አባባ" አለችኝ። እስከዚህ ድረስ ልቤ እንደ ዳንቴል ተዘርግቶ ነበር።

ከዚያ ቀጠለች። "በአንዱ በር የሚገባው የቆዳ ክር ብቻ አይደለም። የአንጀትም ክር በዚያው ይገባል። ስለዚህ አንጀት ሲቆጣ አንዳንዴ ቆዳው የታመመ ይመስላል፤ ላባ ቢነካው ያማል። ትርፍ አንጀት ለምሳሌ።" እርሳሷን አነሳች። "ላባዋ እንዲህ አሳስታዎት ታውቃለች?"

"አታውቅም" አልኩ።

ጻፈችው። እውነት ነውና ጻፈችው፤ ላባዋ መቼ አሳሳተችኝ? ጀርባው ዝም ብሏል ብላ ነግራኛለች። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ግን ያች "አታውቅም" አላስተኛ አለችኝ። እንግዲህ ስሕተቴ እንኳ በትምህርት ስም አለው፤ ማንም ባለላባ ሊሳሳተው የሚችል ስሕተት ነው። እዚህ ላይ ልደበቅ እችል ነበር። "አላወቅሁም ነበር" ብዬ። ግን ለቶሌራ ሆድ አለማወቄ ምክንያት ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ለጀርባው ዝምታ አይሆንም፤ ለአዴ ሎሚ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። የሐኪሙን ቃል አውቄው ነበር። አማርኛ ነበር። ኦሮምኛውንም አውቀው ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ሚኒባስ ተሳፍሬ ያዮ ሄድኩ። አዴ ሎሚ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ቡና ትለቅማለች፤ ጥቁሩን ከቀዩ እየለየች። ላባዬን ባርኔጣዬ ላይ አልሰካሁም። አጠገቧ ተቀምጬ የሐኪሙን ቃል ነገርኳት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ባልሽን ያዳንኩት እኔ አይደለሁም፤ አንቺ ነሽ።

እጇ ቆመ።

"እንዲህ ነው ያለው?"

"እንዲህ ነው ያለው።"

"ትከሻዬን ሲመታኝ?"

"ያኔ ነው።"

አንድ እፍኝ ቡና ለቅማ ጨረሰች። ከዚያ በአገጯ ወደ ጓዳ አሳየችኝ። "ለእሱ ንገረው። ጮክ በል፤ ጆሮው ከብዷል።"

እኔ በዕድሜዬ ጮኼ አላውቅም። ገብቼ ቶሌራ ጆሮ ላይ ተናገርኩ፤ "አ?" አለኝ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ "ምን አልክ?" አለኝ። ያ የምመካበት ለስላሳ ድምፅ የማይሰራበት ቤት መጣሁ። ጮኽኩ። "ጀርባህ ዝም ብሎ ነበር! አውቄ ነበር! ሐኪሙ ያዳነችህ ሎሚ ናት ብሏል! እኔ ነኝ የዋሸሁ!" ለቃሚዎቹ ከጫካው ዳር ቀና አሉ። ጎረቤት ከአጥር በላይ አየ። የሚያውቁኝ ሁሉ ሰሙ። ደግሜ ጮኽኩ፤ አልሰማ ብሎኝ ሳይሆን፣ ድገምልኝ ስላለኝ ነው።

ቶሌራ እጁን ሸሚዙ ሥር አግብቶ ጠባሳውን ዳበሰ። እኔን አላየኝም። ወደ በሩ ዞረና ሚስቱን ጠየቃት።

"እስከዛሬ ለምን ዝም አልሽ?"

"መቼ ዝም አልኩ?" አለችው። "ሂንታኡ ብዬ ነበር።"

ይቅር በሉኝ አልላቸውም፤ አላልኳቸውምም። እነሱም አላሉኝም። ምሳ ሰጡኝ፣ በላሁ፣ ሚኒባሱ ጋ ሄድኩ። ዘንድሮ ከያዮ ማር አልመጣልኝም፤ ትክክል ነው። እንደሰማሁት ቶሌራ ከመጀመሪያው ቀፎ የወጣውን አዴ ሎሚ ፊት አስቀምጦ፣ ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ "ያዳነችኝ እሷ ናት፤ ሐኪሙ ነው ያለው" ይላል አሉ። እሱ ራሱ ስለማይሰማ ይጮኻል። አዴ ሎሚ ላባ የሌላት፣ ሥዕል ያላየች፣ እጇን ብቻ ሆድ ላይ ጭና ያወቀች ሴት ናት። ከራሴ ሌላ በሰው ኮርቼ የማውቀው በእሷ ነው፤ ያንንም ሃያ ዓመት ዘግይቼ።

ላባዋን ለሰላማዊት ሰጠኋት። "አሳስታ አታውቅም" ብላ የጻፈችውን እንዳትሰርዘው ለመንኳት፤ እውነት ነውና። ከሥሩ ግን አንድ መስመር አስጨመርኳት። እርሳሷን ይዛ "ምን ብዬ ልጻፍ አባባ?" አለችኝ። "ያሳሳተው ደምሴ ነው በይ፤ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ" አልኳት።